ኳዱ አያርስም፤ ማረስም አይጠበቅበትም

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ገጠር መሬት ለገዙ ኢትዮጵያውያን ታስቦ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲዘዋወር እኔም ዘንድ ደረሰ። የሚያወራው በአሜሪካ ገጠር ስለተለመደው፣ ለአጋዘን፣ ተርኪ ለሚባለው ትልቅ የዱር ወፍና ለድርጭት ተብሎ ስለሚዘራው የመኖ ማሳ ነው። ጸሐፊው ልምድ ያላቸው ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ አነጋገራቸውም ቁርጥ ያለ ነው። ቁርጥ ያለ አነጋገር ደግሞ በቀላሉ ይታመናል። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያለቦታው ሊያወጣ፣ አንዳንዱም ሊጎዳ ስለሚችል ይህን ምላሽ ጻፍኩ።

ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። ኳድ በሚባለው ባለ አራት ጎማ ሞተር የሚጎተት የእርሻ መሣሪያ መጫወቻ ስለሆነ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር የሌለው ሰው ባይጀምር ይሻለዋል። መሬት 20 ሳንቲ ሜትር ተገልብጦ ካልታረሰ ዘር አይዝም። ኖራ በትንሽ ተሽከርካሪ አይሞከርም። ትራክተር ለአንድ ቀን መከራየት ከሁሉም ይረክሳል። ኳድ ያለው ሰው የሚያገኘው ጥቅም ቢኖር ቀላል በመሆኑ አፈር አለመጨፍለቁ፣ አደጋውም በዚያው ልክ ትንሽ መሆኑ ነው። በመጨረሻም ይህ ሁሉ የከበደው ሰው ሁለት ጆንያ በቆሎ ከዛፍ ሥር ቢያፈስ ለአጋዘኑ ያው ነው። በቅደም ተከተላቸው እሄዳለሁ፤ አንዳንዱን ግን በሩጫ ነው የማልፈው።

በመጀመሪያው ነጥብ ግማሽ እውነት አለ፤ ያንን ግማሽ ከራሳቸው በላይ ላጠንክርላቸው። ኳድ ሞተር ሣር የወረሰውን መሬት አያርስም። ምክንያቱ ግን እሳቸው እንዳሉት የፈረስ ጉልበት ማነስ አይደለም። መጎተት የሚቻለው ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ በያዘበት ልክ ነው፤ የሚያስቆነጥጠው ደግሞ ክብደት ነው። 350 ኪሎ ገደማ በሚመዝን ኳድ ላይ 80 ኪሎ ሰው ቢቀመጥ ጠቅላላው 430 ኪሎ ይሆናል፤ በለሰለሰ አፈር ላይ የዚህን ግማሽ ያህል ኃይል አውጥቶ ከጎተተ ተመስገን ነው። ሞተሩ 50 የፈረስ ጉልበት ቢኖረውም ጎማው ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ጉልበቱ መሣሪያው ጋ አይደርስም።

መሣሪያውም ራሱ ክብደት ያንሰዋል። ባለ ዲስክ መከስከሻው 120 ኪሎ ቢመዝንና አሥር ዲስክ ቢኖረው ለአንዱ ዲስክ የሚደርሰው 12 ኪሎ ነው። ይህን ይዘው ጥቅጥቅ ያለ ሣር ላይ ሲወጡ ዲስኮቹ ሣሩን ወደ ጎን አስተኝተውት ብቻ ያልፋሉ። ሰው በዚህ ጊዜ ብሎኬት ይጭንበታል። ሁለት፣ ከዚያ አራት፤ በካቴና ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። አሁን ዲስኩ ትንሽ መቁረጥ ይጀምራል፣ ሁለት ጣት ያህል ቀይ ሸክላ ብቅ ይላል። ወዲያው ኳዱ ያቃስታል፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታም ይመጣል። ሽታው የቺንጋው ነው። አብዛኞቹ ኳዶች ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሱት በላስቲክ ቺንጋ ስለሆነ፣ በፈጣኑ ማርሽ ቀስ እያሉ ከባድ ነገር ሲጎትቱበት ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። ዝቅተኛውን ማርሽ ማስገባት ቺንጋውን ያተርፋል፤ ሣሩን ግን አይገለብጥም።

እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የምለያቸው ከዚህ ተነሥተው ትልቅ ማሽን ወደ ማዘዝ ሲሄዱ ነው። በቨርጂኒያ አሮጌ የግጦሽ መሬት የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገጥመው ሣር ፌስኪዩ ነው፤ በተለይም በ1931 ኬንታኪ ውስጥ በአንድ ተዳፋት እርሻ ላይ ተገኝቶ በ1943 ለገበሬዎች የተሰራጨው ኬንታኪ 31። ለከብት ተብሎ የተስፋፋ ሣር ነው። ለዱር አእዋፍ ግን አይሆንም፤ ከሥሩ እጅግ ስለሚተፋፈግ የድርጭት ጫጩት በመካከሉ መሹለክ አትችልም። ይህ ሣር በዲስክ ቢከተፍ ከተቆራረጠው ጉንጉን እንደገና ያቆጠቁጣል። ትራክተርም ቢከትፈው ያው ነው። ብዙ ሰው ትራክተር ተከራይቶ፣ መሬቱን አልሞ አስከስክሶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ፌስኪዩ የሚያገኘው ለዚህ ነው።

ፌስኪዩን የሚያጠፋው በትክክለኛው ጊዜ የተረጨ ፀረ አረም ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ ኳድ ከበቂ በላይ ነው፤ ፓምፑ ከራሱ ከኳዱ የ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል፣ የሚጎተትም ነገር የለም። ሣሩ ታጭዶ እንደገና አንድ ስንዝር ያህል ሲያቆጠቁጥና በደንብ እያደገ ሳለ ግላይፎሴት የተባለው ፀረ አረም ይረጫል፤ በድርቅ የተኮማተረ ሣር ላይ ከተረጨ ብክነት ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ጠብቆ፣ ዝናብ በተተነበየበት ዋዜማ ዘሩን በሞተው ሣር ላይ መበተን፤ ከዚያም ሣሩን አጭዶ በዘሩ ላይ ማጋደም። የተጋደመው ሣር እርጥበት ይይዛል፣ ከወፍ ይሸፍናል፣ ጎርፍ ይከላከላል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም ዲስክ መሬት አልነካም። ፀረ አረሙን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው መመሪያ በአሜሪካ ምክር ሳይሆን ሕግ ነው። ጓንትና መነጽር የሚለውም እዚያው ላይ ተጽፏል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የ20 ሳንቲ ሜትሩ ማለት ነው፣ ጽሑፉን ሁሉ ያጣመመው ስሕተት ይመስለኛል። ጸሐፊው የእርሻን ጥራት የሚለኩት በጥልቀት ነው። ለአጋዘን የሚዘራው ዋናው ነገር ግን ክሎቨር፣ ማለትም የእኛው የማገጥ ዘመድ ነው፤ አንድ ግራም ነጭ ክሎቨር ከ1,500 በላይ ፍሬ ይይዛል። ይህን የሚያህል ደቃቅ ዘር ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ጠልቆ ከተቀበረ ብዙው ብርሃን ሳያይ ይቀራል። የጎመን ዘር፣ ተርኒፕና ራዲሽም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ታዲያ 6 ሚሊ ሜትር ለሚወርድ ዘር 20 ሳንቲ ሜትር የሚገለበጠው ለማን ነው?

«የአገራችን ገበሬ ደጋግሞ የሚያርሰው አለምክንያት አይደለም» ሲሉም ይከራከራሉ። አይደለም፤ ግን የአገራችን ገበሬ አፈር አይገለብጥም። በሬ የሚጎትተው ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ደጋግሞ፣ አንዴ በቁም አንዴ በአግድም የሚያርሰውም ለዚህ ነው። ጤፍ ሲዘራ ደግሞ የመጨረሻውን ሥራ እናስታውስ። በብዙ ቦታ ገበሬው ከብቶቹን ማሳው ላይ ነድቶ ያስረግጠዋል፤ ዘሩንም ላዩ ላይ ይበትነዋል እንጂ አይቀብረውም። ለደቃቅ ዘር የሚያስፈልገው ጠንከር ያለ መደብ መሆኑን ያውቃል። ኳድ ከኋላው የሚጎትተው የብረት መዳመጫ ሮለር የሚሠራው ይህንኑ የከብቶቹን ሥራ ነው፤ ከመከስከሻው ይልቅ ገንዘብ ማውጣት የሚገባውም ለእሱ ነው። አፈሩ በበቂ ሁኔታ መጠንከሩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ረግጠው ሲያነሱ የጫማዎ አሻራ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ የማይጠልቅ ከሆነ ለመዝራት ደርሷል። ጫማው ቁርጭምጭሚት ድረስ ከገባ ዘሩ የት እንደሚወድቅ አይታወቅምና ደግመው ይዳምጡት።

በጥልቀት መገልበጥ ከንቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር። አሉማን የመሰሉ አረሞች ዘራቸው ከአፈር ሥር ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ሲገለበጥ ብርሃን አግኝቶ ክሎቨሩን ቀድሞ ይበቅላል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ደግሞ አፈሩ ራሱ ነው። የመካከለኛው ቨርጂኒያ ቀይ ሸክላ በትንባሆ እርሻ ዘመን የላይኛውን ለም አፈር አጥቶ የቀረ መሬት ነው። ይህ የእኔ ግምት አይደለም። ኋላ በ1935 የአሜሪካ የአፈር ጥበቃ አገልግሎት የመጀመሪያ ኃላፊ የሆነው ሂዩ ሐመንድ ቤኔት፣ ጎርፍ አፈርን በስሱ ገፎ እንደሚወስድ ያስተዋለው በ1905 እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሉዊዛ ካውንቲ ውስጥ አፈር ሲያጠና ነበር። ጎን ለጎን የነበሩ ሁለት መሬቶችን አየ። ጫካ የሆነው በእጅ የሚታፈስ ለስላሳ አፈር ነበረው፤ ሲታረስ የኖረው ደግሞ ጠንካራና ጭንጫ ሸክላ ሆኗል። አፈሩ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የማረሻው ታሪክ ነው። ጸሐፊው ግልበጣ የሚመክሩን በዚህ መሬት ላይ ነው፤ ያውም በኦገስት መጨረሻ፣ ነጎድጓዳማው ዝናብ ባልቆመበት ጊዜ።

እንደ ማስረጃ ያቀረቡት ሳያርስ የዘራ አንድ ወዳጃቸውን ነው፤ «ምንም አልበቀለለትም» ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ግን አልበቀለም ወይስ ተበላ? በጫካ መካከል ያለች ትንሽ ማሳ ላይ አጋዘን ገና ሁለት ቅጠል ያወጣውን ቡቃያ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ሙልጭ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ማንኛውም የመኖ ማሳ ያለው ሰው አንድ ሜትር ስፋት ያለው የሽቦ ቅርጫት ክብ አድርጎ በፌሮ ችካል ማሳው መካከል ማቆም ያለበት። ከወር በኋላ ከሽቦው ውስጥ ጉልበት የሚደርስ አረንጓዴ፣ ከውጭ የተላጨ መሬት ከታየ፣ ችግሩ የዘሩ ወይም የአስተራረሱ ሳይሆን የአጋዘኑ ብዛት ነው። ውስጡም ውጭውም ባዶ ከሆነ ያን ጊዜ ስለ አፈሩ እንነጋገር። የጸሐፊው ወዳጅ ይህን ቅርጫት አቁሞ እንደሆነ ጽሑፉ አይነግረንም።

ለጀማሪ የሚሆን አዘራርም ጽሑፉ ውስጥ ስላልተጠቀሰ እግረ መንገዴን ላስቀምጥ። ለግማሽ ኤከር፣ ማለትም 2,000 ካሬ ሜትር ገደማ፣ 22 ኪሎ ራይ እና 4 ኪሎ ተኩል ቀይ አበባ ያለው ክሎቨር ይበቃል። ራይ የስንዴ ዘመድ ነው፤ በተበላሸ አፈር ላይ፣ ሳይቀበር እንኳ የሚበቅል ሆደ ሰፊ እህል ነው። ሁለቱን ግን በአንድ መበተኛ ቀላቅለው አይዝሩ። ኳዱ ሲንገጫገጭ ደቃቁ ዘር ወደ ታች ይወርዳል፤ ማሳው መግቢያ ላይ ክሎቨሩ ያልቅና ወደ መጨረሻው ራይ ብቻ ይቀራል። ከዚህም ሌላ ከባዱ ፍሬ ርቆ ይወረወራል፣ ቀላሉ ቅርብ ይወድቃል። ራዩ በኳዱ መበተኛ፣ ክሎቨሩ በአንገት ላይ በሚንጠለጠል በእጅ በሚዞር መበተኛ ቢሆን ምርጥ ነው።

ሦስተኛው የኖራ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው የሒሳብ ስሕተት እንጂ የሐሳብ ስሕተት የለባቸውም። ኖራ ከባድ ነው፣ አሰልቺ ነው፣ ሰው የሚዘለውም ለዚህ ነው። ከጫካ የተከፈተ የአካባቢው አፈር ብዙውን ጊዜ አሲዳማ ነው፤ ክሎቨር ደግሞ ፒኤች (የአሲድ መለኪያው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ከ6 በላይ ይፈልጋል፤ ኖራ የሚበተነው ይህን አሲድ ለማብረድ ነው። በየካውንቲው ካለው የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ የናሙና ሳጥን ወስዶ አፈሩን ብላክስበርግ ወደሚገኘው የቨርጂኒያ ቴክ ላቦራቶሪ መላክ ከማንኛውም ማሽን ይቀድማል። ውጤቱ ለአንድ ኤከር ሁለት ቶን ይላል እንበል። የአሜሪካ ቶን 907 ኪሎ ነው፤ ለግማሽ ኤከር አንድ ቶን ማለት ባለ 18 ኪሎ ከረጢት 50 ይሆናል። ኳድ የሚጎትተው መበተኛ በአንድ ጊዜ 45 ኪሎ ገደማ ከያዘ 20 ዙር ነው። ወገብ ያማል እንጂ ሰው አይገድልም፤ ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው፣ ከኋላው ካሶኒ ያለው ትንሽ ተሽከርካሪ ካለማ ከረጢቶቹን በጥቂት ምልልስ ማሳው ዳር ያደርሳል። ጠጠር የተደረገውን ኖራ መግዛት ነው፤ ዱቄቱ ርካሽ ቢሆንም በትንሽ መበተኛ ቀዳዳ ላይ ይጋገራል።

አፈሩ እጅግ አሲዳማ ሆኖ ከተገኘ ግን ጸሐፊው ያሸንፉኛል። ላዩ ላይ የተበተነ ኖራ ወደ ታች የሚወርደው በዝግታ፣ በዓመት ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ትራክተር ያለውን ጎረቤት ለምኖ ወይም ከፍሎ ኖራውን አንዴ ከአፈሩ ጋር ማዋሃድ ተገቢ ነው። አንዴ ነው ያልኩት። እስኪሠራም ድረስ ለመጀመሪያው ዓመት አሲድ የሚችሉትን ራይና አጃ ይዝሩ፤ ክሎቨሩ ይቆይ።

ስለ ኪራዩ ብዙ አልልም። ትራክተር የሚከራዩበት ቅዳሜ በሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የተያዘ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። የመኖ ማሳ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። አፈር የሚመረመረው በበረዶው ወራት ነው፣ ሰኔ ላይ አረሙ ይታጨዳል፣ ኦገስት ላይ ይረጫል፣ ሴፕቴምበር ላይ ይዘራል፤ እያንዳንዱ የአንድ ጧት ሥራ ነው፣ ለእያንዳንዱ ጧት የሚከራይ ሰው ግን የለም። በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች መጀመሪያ የሚዘራው ክሎቨርማ ማሽን የሚባል ነገር አያሻውም፤ መሬቱ ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ ቀን ሲቀልጥ እየተሰነጠቀ ዘሩን ራሱ ይውጠዋል። በአንጻሩ ከአምስት ኤከር በላይ የሚዘራ ሰው ትራክተር ይግዛ፤ አልከራከርም።

አምስተኛው ነጥብ ላይ ስደርስ እጄ ከበደኝ። «ቀላል ስለሆነ አደጋውም ትንሽ ነው» የሚለውን አነበብኩና ጽሑፉን አስቀመጥኩት። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ምክር ነው።

የአፈሩን ነገር ላስቀድም፤ እሱ በከፊል ልክ ነው። የኳድ ጎማ ንፋስ ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው፤ ከሚራመድ ሰው ተረከዝ የበለጠ አይጫንም። ነገር ግን እርጥብ ሸክላ ላይ መሣሪያ ሲጎትት ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ የአፈሩንም ቀዳዳ ይለስነዋል። የሸክላ አፈር ጭብጥ ተደርጎ ሲጨመቅ ካልተፈረካከሰ ኳዱም ቢሆን ከማሳው መውጣት አለበት።

ወደ ሰው ስንመጣ፣ የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን እንደሚመዘግበው በእነዚህ ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ይሞታል። ሆንዳ በ1970 ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበው ባለ ሦስት ጎማው ሞተር ብዙ ሰው እየገለበጠ ስላስቸገረ፣ በ1988 አምራቾቹ ከመንግሥት ጋር በፍርድ ቤት ስምምነት ሽያጩን አቆሙ። አራተኛው ጎማ ነገሩን አሻሻለ እንጂ አላዳነም። እንዲያውም ጸሐፊው የሚያሞግሱት ትራክተር እዚህ ላይ ይሻላል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ የአሜሪካ ትራክተሮች ሲገለበጡ ሹፌሩን የሚያተርፍ የብረት ቅስትና ቀበቶ ይዘው ይመጣሉ። ኳድ ይህ የለውም። ሲገለበጥ 350 ኪሎው የሚያርፈው የነጂው ደረት ላይ ነው፤ ጫካ መካከል ብቻውን የሄደ ሰው ደግሞ ማን ያነሣዋል?

የመኖ ማሳ ሥራ ይህን አደጋ በራሱ መንገድ ያባብሰዋል። የመርጫውን በርሜል እንውሰድ። 57 ሊትር የሚይዘው ትንሹ በርሜል ውሃ ሲሞላ 57 ኪሎ ከነጂው ወገብ ከፍታ ላይ ይሰቀላል። 95 ሊትር የሚይዘው የብዙ ኳዶችን የኋላ መጫኛ አቅም ይሞላዋል ወይም ያልፈዋል። ሙሉ ሲሆን ቢያንስ አይንቀሳቀስም። ግማሽ ሲደርስ ግን ውሃው ወዲያና ወዲህ መናጥ ይጀምራል። በተዳፋት ላይ በአግድም እየረጩ ሄደው መጨረሻው ላይ ሲዞሩ ኳዱ መዞሩን ቢጨርስም ውሃው ገና እየዞረ ነው፤ የላይኛው ጎማ ቀለል ሲል በእግር ይሰማል። ያን የሚያህል ውሃ መያዝ ያለበት በተሳቢ ላይ፣ ዝቅ ብሎ ነው። ተዳፋቱም በአግድም ሳይሆን ሽቅብና ቁልቁል ይረጫል፤ ያንንም በቀስታ፣ ገደላማውን ትቶ።

ሌላው መጎተቻው ነው። መሣሪያ የሚታሰረው ዝቅ ብሎ ባለው በፋብሪካው መጎተቻ ላይ ብቻ ነው። ግንድ ለማንሣት ካቴናውን ከኋላ መጫኛው ብረት ጋር የሚያስር ሰው አጋጥሞኛል፤ ግንዱ ሥር ሲይዘው ኳዱ የፊት እግሮቹን አንሥቶ በነጂው ላይ ወደ ኋላ ይወድቃል። ልጆችን በተመለከተ፣ ለአዋቂ የተሠራ ኳድ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንደማይሰጥ ማስጠንቀቂያው ራሱ ላይ ተለጥፏል። ቅዳሜ ቤተሰብ ሰብሰብ ሲል ልጆቹን ከኋላ አፈናጥጦ ማሳ መጎብኘት የእኛ ሰው የሚወደው ነገር ነው። አብዛኛው ኳድ ለአንድ ሰው ነው የተሠራው፤ ለሁለተኛው ሰው ቦታ ያለ የሚያስመስለው ረጅም ወንበር ነጂው ክብደቱን እንዲያዘዋውርበት ታስቦ የተሰጠ ነው። ምርጫ ያለው ሰው ቀበቶና የብረት ጣሪያ ያለውን፣ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠውን ባለ ካሶኒ ይግዛ። ዋጋው ይወደዳል፣ ጠባብ መንገድም አይገባም፤ ቢሆንም ይግዛ። ቀበቶውንም ይሰር።

የመጨረሻው ነጥብ በቆሎው ነው። «ለአጋዘኑ ያው ነው» ተብሏል። በመጀመሪያ ለሕጉ ያው አይደለም። በቨርጂኒያ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ ድረስ ለአጋዘን መኖ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ የአጋዘን በሽታ በታየባቸው ካውንቲዎች ደግሞ ክልከላው ዓመቱን ሙሉ ነው። የተዘራ ማሳ ከዚህ ክልከላ ውጭ ነው። የሌሎች ግዛቶች ሕግ ስለሚለያይ ሜሪላንድና ዌስት ቨርጂኒያ ያላችሁ የየራሳችሁን ጠይቁ። መሬቱን ገዝተነዋል፤ አጋዘኑን ግን አልገዛነውም። እዚህ አገር አውሬ የሕዝብ ነው፣ የሚያስተዳድረውም ግዛቱ ነው። አዲስ ባለ መሬት ብዙውን ጊዜ የሚሳተው እዚህ ላይ ነው።

ክልከላው ቢሮክራሲ የፈጠረው አይደለም። በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ተከልለው ከተያዙ አጋዘኖች ላይ መጀመሪያ የተስተዋለው የሚያመነምን በሽታ ከግዛት ግዛት ሲዛመት ቆይቶ በ2009 መጨረሻ ቨርጂኒያ፣ ፍሬድሪክ ካውንቲ ደርሷል። መድኃኒት የለውም። የሚተላለፈው በምራቅ፣ በሽንትና በእዳሪ ነው፣ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። የበቆሎ ክምር ማለት ደግሞ አሥራ አምስት አጋዘን አፍንጫውን አንድ ቦታ ላይ የሚሰካበት ነገር ነው። በማሳም ይሰበሰባሉ ብሎ የሚከራከረኝ ሰው አይጠፋም። ይሰበሰባሉ፤ ግን በግማሽ ኤከር ላይ ተበትነው፣ ቅጠል እየነጩ እንጂ ከአንድ ጉድጓድ እየላሱ አይደለም።

ለሆዱም ያው አይደለም። አጋዘን እንደ ከብት የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። በብርዱ ወራት ቅርንጫፍና እምቡጥ ሲፈጭ የቆየ ጨጓራ ድንገት በቆሎ ሲሞላበት አሲድ ይሆንና እንስሳው በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ የሚገኘውም ሆዱ በበቆሎ እንደ ተወጠረ ነው። መሬት ላይ ረጥቦ የሻገተ በቆሎ የሚያወጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ደግሞ የዱር ተርኪን ይጎዳል። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሲጀምሩ ተርኪን ከሚጠቀሙት እንስሳት ተርታ አስገብተውት ነበር።

ስለ ዋኔና ስለ ዳክዬም አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገዋል፤ «ለወፍም እንዲሁ» ብለው። ወፎቹ በ1918 በወጣው የስደተኛ አእዋፍ ሕግ ሥር የፌዴራል መንግሥት ናቸው፣ ደንቡም ለየቅል ነው። ያደገ ስንዴ ምርቱ ሳይሰበሰብ ታጭዶ ፍሬው በረገፈበት ማሳ ላይ ዋኔ ማደን ይፈቀዳል፤ በዚያው ማሳ ላይ ዳክዬ ማደን ያስከስሳል። ላዩ ላይ የተበተነ ዘርም በአካባቢው የግብርና ባለሙያዎች ምክር መሠረት፣ በወቅቱና በመጠኑ የተዘራ ካልሆነ እንደ ማባበያ ይቆጠራል። ከላይ ያልኩትን አዘራር ለአጋዘን የሚጠቀም ሰው እዚያው ማሳ ላይ ወፍ ሊያድን ካሰበ አስቀድሞ የግዛቱን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይጠይቅ።

ጸሐፊው በትራክተሩ ነገር ባይስማሙኝ ቅር አይለኝም፤ ገንዘቡ የሰው ነው። የበቆሎውን አንቀጽና «አደጋውም ትንሽ ነው» የሚለውን መስመር ግን ከጽሑፋቸው እንዲያወጡልኝ እጠይቃለሁ፤ የሚቻል ከሆነ ሴፕቴምበር 1 ሳይደርስ።